ቃል የሌላቸው 14 ዜማዎች

በዚህ ቻናል ስለ ዶላር ምንዛሪ፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ጦርነትና ስለ ድርድር ስንጨቃጨቅ ከርመናል። ዛሬ ስለ አንድ አልበም ነው የምጽፈው። ፖለቲካ ካልሆነ አላነብም የሚል ሰው ግን ቸኩሎ እንዳይወጣ፤ ዘጠነኛው ዜማ ላይ እንገናኛለን።

አልበሙ «ኢትዮፒክስ ቁጥር 4» ነው፣ የሙላቱ አስታጥቄ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ፣ ሙላቱ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 የሠራቸውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ሙዚቃዎች ከየሸክላው ሰብስቦ በ1998 በሲዲ አወጣቸው። (አሳታሚው «ቡዳ ሙዚክ» ይባላል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህን ስም የሲዲው ጀርባ ላይ አንብቦ ሳይስቅ አያልፍም።) 14 ዜማ አለው፤ አንድም ቃል የለውም።

«እኛ አገር ሮክ የሚባል ነገር የለም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የማስደምጠው ይህንኑ ነው። ጃዝ ነው ይሉታል፤ ሙላቱ ራሱም ኢትዮ ጃዝ ብሎ ነው የሰየመው፤ አልከራከርም። ግን ያንን ጊታር ስሙት። በእግር እየተረገጠ ድምፁን እንደ አፍ የሚከፍትና የሚዘጋ «ዋ ዋ» የሚሉት ነገር አለ፤ በዚያ ዘመን ለንደንና ኒውዮርክ ያለ የሮክ ጊታሪስት ሁሉ እግሩ ሥር የነበረ ዕቃ ነው። ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን ይዞ ከመምጣቱ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ እዚህ ከተማ ውስጥ ያ ድምፅ በእኛ ቅኝት ይጮህ ነበር።

የምኖረው ዘነበወርቅ ነው። ቢሮ የለኝም፤ ጽሑፍ ባለበት የምሄድ፣ ክፍያው ሲለቀቅ የምቀበል ጋዜጠኛ ነኝ። ይህን አልበም በደቂቃ ሳይሆን በመንገድ ነው የማውቀው። ከዘነበወርቅ በጦር ኃይሎች አድርጌ ሜክሲኮ ስሄድ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ አራተኛው ዜማ ሳያልቅ እወርዳለሁ፤ ከተዘጋጋ ሰባተኛው ድረስ ያደርሰኛል። ዝናብ ከጣለ ሁሉም ያልቅና እንደገና ይጀምራል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ ይህን አልበም የትዝታ ዕቃ ማድረጋችን ያናድደኛል። «ወርቃማው ዘመን»፣ «ድሮ ቀረ»፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ የቆየ ሬዲዮ፣ ማኪያቶ። ሙላቱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። እነዚህን ዜማዎች ሲሠራ ከ26 እስከ 31 ዓመቱ ነበር፤ ከእኔ ያንሳል። ሸክላዎቹን ያሳተመው አምሃ እሸቴ ደግሞ ሥራውን ሲጀምር ገና በሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነበር። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የአገር ፍቅር ብቻ ነበር። አምሃ ግን ይከሱኛል ብሎ ሳይፈራ በ1969 የራሱን አሳተመ፤ እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። እነዚህ ሰዎች ስለ ድሮ እያሰቡ አልነበረም የሚጫወቱት። ነገ የእኛ ነው ብለው ነው።

ማስረጃዬ የመጀመሪያው ዜማ ነው፤ «የከርሞ ሰው»።

ቤዙ ይጀምራል፤ ዝግ ያለ፣ ወደ ላቲን የሚያደላ ምት ነው። ጃዝ የሚያውቁ ሰዎች የሆራስ ሲልቨርን «ሶንግ ፎር ማይ ፋዘር» ያነሣሉ፤ እውነትም ዘመድ ናቸው። ከላዩ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ዜማውን ይዘው ሲገቡ ግን ኒውዮርክ ይጠፋል፤ ያ ዜማ ከዚህ ውጭ የትም ሊወለድ አይችልም። ከዚያ ጊታሩ ይመጣል፣ ሻካራ፣ ጉሮሮው የተዘጋ ሰው የሚናገር ይመስል። ስሙን አስቡት። በበዓል ቀን ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው «የከርሞ ሰው ይበለን» የሚሉትን። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ከሸክላው በፊት በዚሁ ርዕስ ተውኔት ጽፎበታል። ከርሞ ማለት ደግሞ ገና ያልደረሰ ዓመት ነው።

በ2005 (እ.ኤ.አ.) ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» የሚለውን ፊልም ሲሠራ ይህንን ዜማ ወሰደው። ዓለም ሙላቱን ያወቀው በዚያ ነው፤ ደስ ይላል፤ ፊልሙንም እወደዋለሁ። ነገር ግን ታሪኩ ምንድን ነው? ቢል መሪ የሚጫወተው አንድ የደከመው ሰውዬ መኪና እየነዳ የድሮ ፍቅረኞቹን ይፈልጋል። መኪናው ውስጥ የሚሰማው ጎረቤቱ የቀዳለት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ነው። እንግዲህ ስለሚመጣው ዓመት የተሰየመ ዜማ ወደኋላ ለሚመለከት ሰው ማጀቢያ ሆነ ማለት ነው። እኛም ከፈረንጅ ተቀብለን እንደዚያው መስማት ጀመርን። ከጥቂት ዓመት በፊት በአንድ የአፓርታማ ሽያጭ ማስጀመሪያ ላይ ለዘገባ ተገኝቼ ነበር። ከበስተጀርባ የሚጫወተው «የከርሞ ሰው» ነበር፤ ቤቱም የሚረከበው ለከርሞ ነው ተባለ። ከርሞ ደርሶ አልፏል፤ ቤቱ አሁንም ጉድጓድ ነው። ቢያንስ እነሱ ርዕሱን በትክክል ተረድተውታል።

ሁለተኛው «መቼ ደርሼ» ነው፤ ለታክሲ ወረፋ የተሠራ የሚመስለኝ፣ በተለይ ማታ ማታ። ሦስተኛው «ካሳለፍኩት ሁሉ» ሦስት ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ያሳለፈውን ሁሉ በዚህች አጭር ጊዜ ተናግሮ የሚቀመጥ ሰው እኛ አገር ብርቅ ነው፤ ቃለ መጠይቅ አድርጌ ስለማውቅ ነው የምለው።

አራተኛውና አምስተኛው ላይ ልቆይ።

አራተኛው «ትዝታ» ነው። ትዝታ ዘፈን ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ቅኝት ነው፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ አንዱ። ያልዘፈነው ዘፋኝ የለም፤ ሁሉም የራሱን ግጥም ይሰካበታል። ሙላቱ ግጥሙን አውጥቶ ጣለው። ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ሳክስፎኑ እንደ ዘፋኝ ይተነፍሳል፤ አንድ ሐረግ ይልና ዝም ይላል፣ ሰሚው እንዲሞላው። ታክሲ ውስጥ ያዳመጥኩት ጊዜ ሁሉ አጠገቤ ያለው ሰው ስለ ምን እያሰበ እንደሆነ መገመት ያምረኛል።

አምስተኛው «የግሌ ትዝታ» ነው። የዚህ አልበም ምርጥ ዜማ ይኸው ነው፣ አራት ነጥብ። ከአራተኛው ቀጥሎ ሲመጣ ሰው እንቅልፉን ይነቃል። ፈጣን ነው፤ ከበሮው ይቆነጥጣል፤ ጊታሩ ይነክሳል። ናስና ዳሚያን ማርሊ በ2010 (እ.ኤ.አ.) «አዝ ዊ ኢንተር» ለሚለው ዘፈናቸው የወሰዱት ይህንን ነው። ለምን እንደወሰዱት ለመረዳት አሥር ሰከንድ ማዳመጥ ይበቃል፤ አንገት ራሱ ይነቀንቃል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ስሙ ነው። የግሌ። ይህች ቃል እኛ ዘንድ የት አለች? በዚህ አገር ትዝታ የጋራ ንብረት ነው። የእኛ ወገን ትዝታ አለ፣ የእነሱ ወገን ትዝታ አለ፤ የትኛው ሐውልት ይቁም፣ የትኛው ይፍረስ እየተባለ ሰው ይሞታል። ዓመተ ምሕረት እየጠቀስን የምንሰዳደበው ያላየነውን ዘመን ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ «ይሄ የማንም አይደለም፣ የእኔ የብቻዬ ነው» ብሎ የራሱን ትንሽ ነገር ሲያስታውስ፣ የሠፈሩን ዳቦ ቤት፣ የእናቱን ሻሽ፣ «አንተ ደግሞ ከማን ወገን ነህ?» ይባላል። ሙላቱ ከጋራው ትዝታ ወጥቶ የግሉን ሲይዝ ሙዚቃው አላዘነም፤ ፈጠነ እንጂ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐዘኑ ከጋራው ጋር ቀረና ለግሉ ጉልበት ተረፈው።

«ሙናዬ»ን ብዙ ጊዜ እዘለዋለሁ። መጥፎ አይደለም፤ ከ«የግሌ ትዝታ» ቀጥሎ መምጣቱ ነው ጥፋቱ። «ጉብልዬ» ግን አይዘለልም። ፊልሙ ውስጥም አለ። ጉብል ስንት ዓመት ድረስ ጉብል እንደሚባል አላውቅም፤ እኔን ባለፈው ሳምንት አንዲት የታክሲ ረዳት «አባት» ብላኛለች።

አሁን ቃል ወደገባሁት ቦታ ደርሰናል።

ስምንተኛው «አስመሪና» ነው። የአስመራ ልጅ። ዘጠነኛው «የካቲት»። አሥረኛው «ነጻነት»። አሥራ አንደኛው «ትዝታዬ አንቺ ልጅ»። ከላይ ወደ ታች ርዕሶቹን ብቻ አንብቧቸው። የዚህን አገር የሃምሳ ዓመት ታሪክ በአራት መስመር ከዚህ የተሻለ የጻፈ የታሪክ ምሁር ካለ ላኩልኝ።

«አስመሪና»ን ስሰማ የቀልድ ስሜቴ ይጠፋል። ዜማው ሲቀረጽ አስመራ የአገር ውስጥ ጉዞ ነበረች። በየካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ እዚያ የነበረው ሁለተኛ ክፍለ ጦር አምጾ ከተማዋን ያዘ። ሲዲው ፈረንሳይ ውስጥ በታተመበት በ1998 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በባድመ ጦርነት ተጀመረ። አንዲትን የአስመራ ልጅ የሚያወድስ ዜማ ለዓለም ገበያ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት የአዲስ አበባና የአስመራ ልጆች ምሽግ ለምሽግ ይተያዩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕርቅም አይተናል፣ ሌላ ጦርነትም አይተናል፣ አሁንም በየሳምንቱ «ሊጀመር ነው» የሚል ወሬ እናነባለን። ዜማው ግን ያው ነው፤ ፍቅር የያዘው ሰው አካሄድ ይሄዳል፣ ስለ ድንበር የሰማ አይመስልም።

«የካቲት» የወጣው በ1974 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ሸክላ ላይ ሲሆን ሸክላው ራሱ ስሙ «የካቲት» ነው። በዚያ ዓመት ይህ ቃል የወር ስም ብቻ አልነበረም። የካቲት 1966፦ ነዳጅ ጨመረ፣ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ፣ መምህራን አድማ መቱ፣ ተማሪው ወጣ፣ ወሩ ሳያልቅ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ። (ነዳጅ ጨመረ የሚለውን አንብቦ ወደ ስልኩ ሰዓት ያየ አንባቢ ይኖራል፤ አይዞህ፣ ስለ ድሮው ነው የማወራው።) ሙዚቃው ሰልፍ ሰልፍ አይልም። መፈክርም የለውም። የሚያስፈራ ነገር ያለው ሰው ሳይሆን ጉጉት ያለው ሰው ነው የሚጫወተው።

ግቢያችን ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። በ66 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። አንድ እሑድ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀምጬ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰጠኋቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይስሙልኝ።»

«ምንድን ናት?»

«የካቲት ትባላለች።»

ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ የካቲት እኮ ቃል ነበረው» አሉኝ። «ጉሮሯችን እስኪዘጋ ነው የጮህነው። ምነው ይሄ ዝም አለ?»

መልስ ሳልሰጥ ቀጣዩ ጀመረ። ትንሽ አዳምጠው ማዳመጫውን አወጡና መለሱልኝ።

«ይቺኛዋን አላውቃትም።»

«ነጻነት ነው ስሟ፣ ጋሼ።»

«አላውቃትም አልኩህ እኮ» አሉና ወንበራቸውን ወደ ፀሐዩ አዞሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት ተገደሉ። የሰዓት እላፊው መጣ፤ የሌሊት ክበቦቹን ከየትኛውም ሳንሱር በላይ የገደላቸው እሱ ነው፤ ሙዚቀኛ የሚኖረው በማታ ነውና። ቀይ ሽብር መጣ። አሥራ አንደኛው ዜማ «ትዝታዬ አንቺ ልጅ» መሆኑ የፋልሴቶ ድርደራ ነው፤ ግን አገሪቱም እንደዚያው ነው የደረደረችው። ከየካቲት ወደ ነጻነት፣ ከነጻነት በቀጥታ ወደ ትዝታ።

እዚህ ላይ «ስለዚህ ከአብዮቱ በፊት የነበረው ነዋ ወርቃማው» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ ይታየኛል። ቆይ። ይህ ሙዚቃ በሆቴሎቹ አዳራሽ ሲጫወት ወሎ በረሃብ ያልቅ ነበር፤ ያውም ተደብቆ። ዓለም ያየው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1973 (እ.ኤ.አ.) በቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ነው። ባቲ የወሎ ከተማ ነች። አምባሰል የወሎ ተራራ ነው። አዲስ አበባ የምትጨፍርበት ቅኝት በነሱ ስም የሚጠራው አገር በየመንገዱ ወድቆ ይሞት ነበር። የካቲት የመጣው ከሰማይ አይደለም። ይህን የምለው ሙዚቃውን ለመኮነን አይደለም፤ ሙላቱም ሆነ ጊታሪስቱ እህል አልደበቁም። ግን «ያ ዘመን ቢመለስ» እያልን ማኪያቶ የምንጠጣ ሰዎች የቱን መመለስ እንደምንፈልግ ብንለይ ጥሩ ነው። እኔ ድፍረቱን ነው የምፈልገው። አዋጅ እያለ ሸክላ ያሳተመውን ልጅ ድፍረት።

«ሳብዬ» ደስ ይላል፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

አሥራ ሦስተኛው «እኔ አላንቺ አልኖርም» ነው። የፍቅር ስም ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የሄዱትን እያሰብኩ ነው የምሰማው። አምሃ እሸቴ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ከአገር ወጣ፤ ሙዚቃ ቤቱም በዚያው አከተመ። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ተከትለው ዋሽንግተንና ሌላም ቦታ ገቡ። ሙላቱ አልሄደም። ቦስተን በርክሊ የተማረ፣ ኒውዮርክ ባንድ የነበረው ሰው፣ በደርግ ዘመን ሁሉ እዚሁ ቀረ። የቀረ ሁሉ ጀግና፣ የሄደ ሁሉ ከሃዲ ነው አልልም፤ አምሃ ባይሄድ ምን ይገጥመው እንደነበር ማን ያውቃል። ከእኔ ጋር ተመርቀን አብረን ጋዜጠኝነት የጀመርን አምስት የቅርብ ጓደኛሞች ነበርን። ሁለቱ ወጥተዋል፤ አንዱ ሙያውን ትቶ ዕቃ ያስመጣል፤ አራተኛው ሂደት ላይ ነኝ ይላል። በቪዲዮ ስንደዋወል የሚጠይቁኝ ሁሌ አንድ ነው፤ «አንተስ መቼ ነው?» ሁለተኛው ዜማ ትዝ ይለኛል።

የመጨረሻው «ደወል» ነው። ስለ ደወል ዘነበወርቅ የሚኖር ሰው ትንሽ የሚለው አለው። ሠፈራችን ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ሆስፒታል ነው፤ ዛሬ አለርት የምንለው። ከተማው ማየት ያልፈለጋቸው ሰዎች ከከተማው ዳር የሠፈሩበት ቦታ ነበር። አሁን ከተማው ራሱ መጥቶ አልፎን ሄዷል። ላሊበላ የሚባሉትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው የሚያዜሙትን። ዜማውን ካቆምን ደዌ ይይዘናል ብለው የሚያምኑ መሆናቸው ከጥንት ይነገራል። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ያስፈራኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሙዚቃን ከዚህ በላይ የምር የያዘ ሰው የለም።

«ደወል»ን በአብዛኛው የምሰማው ሌሊት ነው፣ ቃለ መጠይቅ ስገለብጥ አድሬ። አሥር ሰዓት ግድም የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ይጀምራል፣ ትንሽ ቆይቶ አዛኑ ይከተላል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ይላል። በዚያ ሰዓት ከማዳመጫው ውስጥ ያለውና ከውጭ ያለው ይቀላቀልብኛል። ዜማው ሲያልቅ የሚደመድም አይመስልም፤ ሰው እንደሚጠራ ነው የሚያልቀው።

አንድ የማልስማማበት ነገር ብቻ አለ፤ ድርደራው። ፋልሴቶ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ እሱ ባይኖር ግማሹ ሸክላ አቧራ በልቶት ነበር። ግን «የከርሞ ሰው»ን መጀመሪያ ላይ ማድረጉ ለእኔ ልክ አይደለም፤ አልበሙ ገና ሲከፈት ስለ ነገ ተናግሮ ይጨርስና ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ይሄዳል። በስልኬ ላይ ቀይሬዋለሁ። «ደወል» መጀመሪያ። «ትዝታ»ና «የግሌ ትዝታ» እንዳሉ አይነኩም፣ መለያየት የለባቸውም። «ሙናዬ» ከ«ሳብዬ» አጠገብ ሄዳለች፣ እዚያ አምሮባታል። «አስመሪና»፣ «የካቲት»፣ «ነጻነት» በመጨረሻ። «ነጻነት» ሲያልቅ ደግሞ «ትዝታዬ አንቺ ልጅ» ሳይሆን ያ ቤዝ ነው የሚገባው፣ «የከርሞ ሰው»። ታክሲ ውስጥ ሞክሩት። ከጦር ኃይሎች ወዲያ ቢሆን ይመረጣል፤ እዚያ መንገዱ አይንቀሳቀስም።